ዝግመተ ለውጥ መሰላል የለውም

(አንድ ምሽት ለወጣቶች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ነካክቼዋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ዝግመተ ለውጥ በተወራ ቁጥር የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች። «ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ፣ አሁን ያሉት ዝንጀሮዎች ለምን ሰው ሳይሆኑ ቀሩ?» የምትል። አንዳንዱ ለመሟገት ያነሳታል፣ ሳይንስ የተማረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፈገግ ብሎ ያልፋታል። እኔ ላልፋት አልፈልግም። ጥሩ ጥያቄ ናት፤ ምክንያቱም ዝግመተ ለውጥን የምንቀበለውም የማንቀበለውም ጭንቅላታችን ውስጥ ይዘን የምንዞረውን ስዕል ታወጣዋለች። ስዕሉን ታውቁታላችሁ። በግራ በኩል ጎንበስ ያለ ጦጣ መሳይ፣ ቀጥሎ ትንሽ ቀና ያለ፣ ቀጥሎ ዱላ የያዘ፣ መጨረሻ ላይ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው። ቲሸርት ላይ አለ፣ ማስታወቂያ ላይ አለ፣ መማሪያ መጽሐፍ ላይም አለ።

ስዕሉ የሚነግረን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ አንድ መንገድ ላይ እንደተሰለፈ ነው። አንዳንዱ ቀድሟል፣ አንዳንዱ ቀርቷል። ዝንጀሮ ማለት ገና ያልደረሰ ሰው ነው። ነገሩ እንዲህ ቢሆንማ ኖሮ ጥያቄዋ ልክ ነበረች፤ ለምን አልደረሰም?

መልሴ አጭር ነው። መንገዱ የለም። ዝንጀሮ ወደ ሰውነት ጉዞ ጀምሮ አያውቅም። እኛና እነሱ የጋራ ቅድመ አያት አለን፤ ከዚያ ከተለያየን በኋላ እነሱም በራሳቸው፣ እኛም በራሳችን ተለወጥን። የተለወጥንበት ዘመን ደግሞ እኩል ነው። ዛሬ ማታ ማስረዳት የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ ዝግመተ ለውጥ የሚሠራው በልዩነት ነው፣ የሚያወጣውም ልዩነት ነው። ደረጃውን ያመጣነው እኛ ነን።

ሩቅ ሳንሄድ ጭላዳን እንውሰድ። ሰሜን ተራሮች ወይም መንዝ ጓሳ የሄደ ሰው አይቶታል። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል፣ ጭብጡ ሲሞላ ወደ አፉ ይከታል፣ ከዚያ ሳይነሳ እንደተቀመጠ ፈቀቅ ይልና እንደገና ይነጫል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ ቀጭን ሣር አንድ በአንድ እስኪለቅሙ ድረስ ይገጣጠማሉ፣ ጥርሱም ሣር ለመፍጨት የተበጀ ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን በሙሉ ሣርን ዋና ቀለቡ አድርጎ የሚኖር ሌላ የለም። ብርዱን ችሎ፣ ገደል ላይ አድሮ፣ ጠዋት ወጥቶ ይግጣል። ይህ እንስሳ ሰው ለመሆን እየሞከረ ያልተሳካለት ነው ወይ? አይደለም። ጭላዳ በመሆን የተዋጣለት ነው።

ስለ ጭላዳ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ብዙ ዘመዶች ነበሩት። ቅሪተ አካላቸው ከደቡብ አፍሪካ እስከ ኢትዮጵያ፣ ከአፍሪካም ወጥቶ በስፔንና በሕንድ ተገኝቷል። አንዳንዶቹ ከዛሬው ጭላዳ እጅግ የገዘፉ ነበሩ። ሁሉም ጠፉና የኛው የደጋ ጭላዳ ብቻ ቀረ። አሁን አንድ ሰው ከጥንቱ ቅድመ አያት ተነስቶ እስከ ዛሬው ጭላዳ ድረስ መስመር ቢያሰምር፣ ያ ሁሉ ዘመን ወደ ደጋ ለመውጣትና ሣር ለመጋጥ የተደረገ አንድ ቀጥ ያለ ጉዞ ይመስለዋል። መስመሩ ቀጥ ያለው ግን ሌሎቹ ስለሞቱ ነው። የተረፉት አስር ቢሆኑ ኖሮ ማንም እንዲህ አይነት መስመር ለማስመር አያስብም ነበር።

በኛም የሆነው ይኸው ነው። ዛሬ ምድር ላይ ያለው የሰው ዝርያ አንድ ብቻ ስለሆነ ወደ ኋላ ስናይ መሰላል ይታየናል። የአፋር መሬት ግን ሌላ ነገር ነው የሚነግረን። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፣ አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ እምብዛም አይበልጥም። በ2009 ደግሞ እዚያው አፋር፣ ወራንሶ ሚሌ ውስጥ ቡርቴሌ በሚባል ቦታ፣ በቅሪተ አካል ተመራማሪው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን ስምንት የአንድ እግር አጥንቶችን አገኘ። ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። የድንቅነሽ ወገኖችም በዚያ ዘመን በአካባቢው ይኖሩ ነበር። ልዩነቱ ያለው አውራ ጣቱ ላይ ነው። የቡርቴሌው እግር አውራ ጣት እንደኛ ከሌሎቹ ጣቶች ጎን አልተሰለፈም፤ እንደ እጅ አውራ ጣት ወደ ጎን ወጥቷል፣ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። በ2015 ቡድኑ ከዚያው አካባቢ ከድንቅነሽ ወገን የተለየ ሌላ ዝርያ ማግኘቱን አሳወቀ፤ አውስትራሎፒቴከስ ዴይሬመዳ ይሉታል።

እስቲ አስቡት። አንድ ዘመን፣ አንድ አካባቢ፣ ሁለት የሰው ወገን ፍጥረታት። አንደኛው እግሩ መሬት ለመርገጥ የተመቸ፣ ሌላው ዛፍ መውጣቱን ያልተወ። ማን ቀደመ፣ ማን ቀረ ብለን ብንጠይቅ ትርጉም የለውም፤ ሁለቱም በየራሳቸው አኗኗር ኖረዋል። አንጎል እያደገ መጣ የሚለውም ነገር ቢሆን ሁሌ እውነት አይደለም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፍሎሬስ ደሴት ላይ ከዛሬ 50,000 ዓመት ገደማ በፊት ድረስ የኖሩ ትንንሽ ሰዎች ነበሩ፤ አንጎላቸው የድንቅነሽን ያህል ቢሆን ነው፣ ነገር ግን የድንጋይ መሣሪያ ይሠሩ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ዳርዊን ዝነኛ መጽሐፉን በ1859 ከማሳተሙ በፊት ከ1846 እስከ 1854 ድረስ ስምንት ዓመት ሙሉ ባርናክል የሚባሉ፣ ድንጋይና መርከብ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ የባሕር እንስሳትን ሲያጠና ነበር። ሰው ለምን በዚህ ጊዜ ያጠፋል ያሰኛል። እሱ ግን እነዚያን እንስሳት አንድ በአንድ በማጉያ ሲያያቸው ያስቸገረው ነገር ሁለት አንድ ዓይነት አለመገኘታቸው ነበር። አንድ ዝርያ ነው ብሎ ባስቀመጠው ውስጥ የሚለያዩት ብዙ ናቸው፣ ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ ግራ ያጋባል። ከሱ በፊት የነበረው ልማድ ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ትክክለኛ ናሙና አለ፣ ከናሙናው ያፈነገጠው ጉድለት ነው የሚል ነበር። ዳርዊን ይህን ገለበጠው። ትክክለኛ ናሙና የሚባል የለም። ያለው ልዩነቱ ነው። አማካዩ እኛ የምናሰላው ቁጥር ነው።

የተፈጥሮ ምርጫ ደግሞ ከዚህ ልዩነት ላይ ነው የሚነሳው። ግለሰቦች ይለያያሉ፣ ከልዩነቱ የተወሰነው ለልጅ ይተላለፋል፣ በዚያ ቦታና በዚያ ጊዜ የተመቸው ብዙ ልጅ ይተካል። በቃ ይኸው ነው። ወደፊት የሚያይ ዓይን የለውም። ነገ የሚመጣውን ድርቅ ወይም በሽታ አስቦ የሚያዘጋጀው ነገር የለም። ስለዚህ ልዩነቱ ካለ የሚመርጥበት አለው፣ ከሌለ የለውም።

«ታዲያ ሕይወት ከአንድ ሕዋስ ተነስታ ዝሆንና ሰው ድረስ መድረሷ እድገት አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ የቅሪተ አካል ተመራማሪዎችም ደጋግመው የተከራከሩበት ነው። እስቲ እንዲህ አስቡት። ከአንድ ረጅም ካብ ስር በጎች ተለቀቁ። እረኛ የላቸውም፣ እንዳሻቸው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። በአንድ በኩል ካቡ አለ፣ ማለፍ አይቻልም፤ በሌላው በኩል ሜዳው ክፍት ነው። ከሰዓታት በኋላ ስትመለሱ አብዛኞቹን እዚያው ካቡ አጠገብ፣ ጥቂቶቹን ራቅ ብለው፣ አንዷን ደግሞ በጣም ርቃ ታገኛላችሁ። ማን ነዳት? ማንም አልነዳትም። መበተን የሚቻለው በአንድ በኩል ብቻ ስለነበር ነው። ሕይወትም የጀመረችው ካቡ ስር ነው፤ መኖር ከሚቻልበት የመጨረሻ ቀላል ሁኔታ። ከዚያ በታች ቀልሎ መኖር አይቻልም። ስለዚህ ልዩነቱ ሲሰፋ አንዳንዱ ወደ ውስብስቡ በኩል መሄዱ አይቀርም፤ የሚገፋ ኃይል አያስፈልገውም።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ አብዛኛው የት እንዳለ ተመልከቱ። ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ ዛሬ ምድርን የሞላው ባክቴሪያ ነው። በ2018 የታተመ ስሌት በዓለም ያለውን ሕይወት በውስጡ ባለው ካርቦን ክብደት ለክቶት ነበር። ባክቴሪያ 70 ቢሊዮን ቶን ገደማ፣ እንስሳት በሙሉ፣ ከነፍሳት እስከ ዓሣ ነባሪ ተደምረው፣ 2 ቢሊዮን ቶን። የሰው ልጅ 0.06 ቢሊዮን። ዘመኑን የሰው ዘመን ብለን የምንጠራው እኛ ነን እንጂ ቁጥሩስ ሌላ ነው የሚለው።

ወደ ካቡ ተመልሰው የሄዱም አሉ። የኮሶ ትልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቅድመ አያቶቹ አፍና ሆድ ነበራቸው። እሱ ግን ሌላ በፈጨው ምግብ ውስጥ ተኝቶ ስለሚኖር ሆድ አላስፈለገውም፤ ጠፋ። ምግቡን በቆዳው ይመጥጣል። ብዙ ሜትር ይረዝማል፣ ተቆርጣ የምትወጣው እያንዳንዷ ክፍል በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትይዛለች። በመሰላሉ ሂሳብ ይህ ውድቀት ነው። በተፈጥሮ ምርጫ ሂሳብ ግን የተሳካ ኑሮ ነው። እኛ ሳንወደው እንኳ እውነቱ ይኸው ነው።

መሻሻል የሚባል ነገር ጭራሽ የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ፤ ግን የቦታ ነው። ሪቻርድ ሌንስኪ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1988 ከአንድ ዓይነት ባክቴሪያ 12 ጠርሙስ አዘጋጅቶ በየቀኑ ጥቂት ስኳር እየተሰጣቸው እንዲራቡ አደረገ። ሙከራው አሥርት ዓመታትን ተሻግሯል። 12ቱም በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ከቅድመ አያታቸው ይልቅ ፈጥነው የሚራቡ ሆኑ፣ ይህ መሻሻል ነው። ግን ራይቦዝ የሚባለውን ሌላ ስኳር መጠቀም 12ቱንም አቃታቸው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ስለሌለ አላስፈለጋቸውም። ከ31,000 ትውልድ በኋላ ገደማ ከ12ቱ አንደኛው ብቻ ሲትሬት የሚባለውን ሌላ ንጥረ ነገር መብላት ጀመረ። ሲትሬቱ ሁሉም ጠርሙስ ውስጥ ነበር። ጅምሩ አንድ፣ ቀለቡም አንድ፣ ውጤቱ ግን ለየቅል።

በሰው ላይ ደግሞ ይህንኑ የሚያሳይ ነገር እዚሁ አገራችን አለ። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ኦክስጅን ያንሳል። በዓለም ላይ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የኖሩ ሦስት ትልልቅ ሕዝቦች አሉ፦ በአንዲስ ተራሮች፣ በቲቤትና በኢትዮጵያ ደጋ። የአንዲሶቹ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ጨምረዋል፤ ያ ደሙን ያወፍረዋል፣ አንዳንዶቹንም ያሳምማል። ቲቤቶቹ ሄሞግሎቢናቸውን ብዙ አልጨመሩም፣ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ነው፤ ለዚህ የሚረዳቸው አንድ ጂን ዴኒሶቫን ከሚባሉ ከጠፉ የሰው ወገኖች የተወረሰ መሆኑ በ2014 ታውቋል። ሲንቲያ ቢል የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሰሜን ተራሮች አካባቢ ሰዎችን ለክተው ነበር። ሄሞግሎቢናቸውም፣ ደማቸው የያዘው ኦክስጅንም፣ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። አንድ ችግር፣ ሦስት መልስ። ከሦስቱ የትኛው «የላቀ» ነው ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ሦስቱም ልጆቻቸውን አሳድገው ዛሬ ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም መሰላሉ ሰው ጎድቷል። በ1906 ኒው ዮርክ በሚገኘው የብሮንክስ መካነ እንስሳት ኦታ ቤንጋ የሚባል ኮንጓዊ ወጣት በጦጣዎች ቤት ውስጥ ለሕዝብ ታየ። ከአንድ ኦራንጉታን ጋር። ሰው ተሰልፎ ሊያየው ሄዷል። የከተማዋ ጥቁር የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ጮኸው ነው ያስወጡት። አስር ዓመት ሳይሞላው ገደማ፣ በ1916፣ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ያ የሆነው በጨካኝ ሰዎች ብቻ አይደለም። የተማሩ ሰዎች በጊዜው አንዳንዱ ሕዝብ ከመሰላሉ ታችኛው ደረጃ ላይ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ነው። ጣሊያንም በ1938 የዘር ሕጎቿን ስታወጣ ሳይንስ ነው ያለችው ይህንኑ ደረጃ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አገራችንን ይዛ እንደነበር አትርሱ።

ልዩነትን በትክክል ሲለኩት ግን ሌላ ነገር ነው የተገኘው። የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 ባወጣው ጥናት ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ ያለው በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ነው። ከሁሉም አህጉር ሰፊው ልዩነት ያለው ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ሰው ረጅሙን ዘመን የኖረው እዚህ ስለሆነ።

አሁን ከእንስሳና ከሰው ወደ እርሻ ልውረድ፤ ልዩነት የእንጀራ ጉዳይ የሚሆነው እዚያ ነውና።

በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፍሬው አረንጓዴ እንዳለ ይጠቁራል፣ ይረግፋል፣ ወይም ቅርንጫፉ ላይ እንደደረቀ ይቀራል። ብዙ ማሳ ወደመ። ግን በታመመው ማሳ መሃል ፍሬያቸውን ይዘው የቆሙ ዛፎች ነበሩ። ተመራማሪዎች እነዚያን ዛፎች እየፈለጉ ዘር ለቀሙ፤ ዛሬ 74110 እና 74112 እየተባሉ የሚጠሩት ዝርያዎች ኢሉባቦር ውስጥ በ1974 ከተመረጡት ናቸው፣ አሁንም ይተከላሉ። ማንም አስቀድሞ ለበሽታው አላዘጋጃቸውም። በሽታው ሲመጣ ልዩነቱ እዚያ ስለነበረ ብቻ ነው። በተቃራኒው ሴሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ቡና ብቻ በገፍ ተክላ ነበር። በ1869 የቅጠል ዝገት ሲገባ የሚመረጥ አልነበረም፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ ሻይ ዞረች። የላቲን አሜሪካ አረቢካም አብዛኛው ከየመን በኩል ወጥተው አውሮፓ ከደረሱ እጅግ ጥቂት ተክሎች የተራባ ነው፤ ስለዚህ ነው ዓለም ቡናው በታመመ ቁጥር ወደኛ ጫካ የሚያየው።

የማሽላው ታሪክ ግን ለኔ ይበልጣል። ወሎ ውስጥ ገበሬው «ወተት በጉንጬ»፣ «ማር ጩቄ»፣ «ስንዴ ለምኔ» የሚላቸው ማሽላዎች አሉ። በእሸቱ ተጠብሶ ሲበላ ይጣፍጣል። ሲደርቅ ግን ፍሬው ጭምድድ ያለ ነው፣ ምርቱም ያንሳል። በኩንታል ብቻ የሚለካ ሰው ቢያየው «ይሄ ኋላ ቀር ዘር ነው፣ ጣሉት» ነው የሚለው። ገበሬዎቹ አልጣሉትም፤ ብዙ ምርት ከሚሰጠው ጋር አደባልቀው ይዘሩት ነበር። በ1973 አሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ የዓለም ማሽላዎችን ሲፈትሹ ላይሲን የሚባለው፣ ሰውነት ራሱ የማይሠራው የፕሮቲን ክፍል፣ ከተለመደው በእጥፍ ገደማ የበዛባቸው ሁለት ዘሮች አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ፣ ከነዚሁ ጭምድድ ካሉት ወገን። ፍሬውን ያጨማደደው ለውጥና ላይሲኑን ያበዛው ለውጥ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ታዲያ ይህ ማሽላ ከሌላው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በኩንታል ከለካችሁ ያንሳል። አንድ ሕፃን ከማሽላ በቀር ሌላ የሚበላው ከሌለው ደግሞ ይበልጣል።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት እህት ተነስታ፣ «ታዲያ ገበሬው ምርጥ ዘር አይዝራ እያሉን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ስለሆነ የመለስኩላትን እዚህ ላስገባው።

አይደለም። ይዝራ። ቤተሰብ መመገብ አለበት፣ ልጅ ማስተማር አለበት። እኔ የምፈራው ምርጥ የተባለው ዘር ሲገባ ሌላው በሙሉ ከመንደሩ ሲጠፋ ነው፤ ምክንያቱም ምርጥ የተባለው ለዛሬ ዝናብና ለዛሬ በሽታ ነው የተመረጠው። ይህን ቀድመው ካዩት ሰዎች አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በ1976 አዲስ አበባ የተቋቋመውን የዘር ባንክ ለዓመታት መርተዋል፣ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በ1984ቱ ድርቅ ጊዜ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር መብላት ግድ ሲሆንበት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የየአካባቢውን ዘር ከመጥፋቱ በፊት ለመሰብሰብ ሮጠዋል። እሳቸው ግን በማቀዝቀዣው አልረኩም። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለ ዘር ባለበት ይቆማል፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ውጪ ያለው ዝናብ ይቀየራል፣ በሽታው ይቀየራል። ማሳ ላይ ያለ ዘር ግን በየክረምቱ ይመረጣል። ስለዚህ ገበሬው የአገሩን ዘር እየዘራ እንዲያቆየው ከገበሬዎች ጋር አብረው ሠሩ። ዛሬ በአንዳንድ አካባቢ ያሉት የማኅበረሰብ ዘር ባንኮች በዚያው መንገድ የሄዱ ናቸው፤ ገበሬው ዘር ይበደራል፣ አዝመራ ሲገባ ከነወለዱ በዘር ይመልሳል።

ስለዚህ እህቴን ያልኳት ይህንን ነው፤ ለእናንተም እላለሁ። ገጠር ዘመድ ያላችሁ በሚቀጥለው ስትደውሉ ከጤናቸው ቀጥላችሁ ጠይቁልኝ፦ አያታችን ይዘሩት የነበረው ማሽላ፣ ገብስ፣ ጤፍ አሁን ማን ጋ አለ? ስሙስ ምን ነበር? አለ ካሉ፣ ከማሳው ዳር አንድ ሁለት ትልም እንዲዘሩት ለምኗቸው። የለም ካሉም ጎረቤት ቀበሌ ያስጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ያልጣለ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት አይጠፋም።